የሚነፋ ፑል አየር ሲያጣ፣ ሲያጋድል፣ ውሃው ሲበላሽ፦ ምን ሆኖ ነው? ምንስ ይደረግ?

ሰመር ገባ፣ ልጆቹም ውሃ ውሃ ማለት ጀምረዋል። እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሜሞሪያል ደይ ሲደርስ ወይ የሚነፋ ፑል ወይ ውሃ የሚረጭ ስላይድ እንገዛለን፣ ጁላይ ሳይጋመስ ደግሞ ብዙው ተጥሎ ይታያል። የሚያሳዝነው ከሚጣለው አብዛኛው ጤነኛ ዕቃ ነው፣ ወይ ቦታው አልተስማማውም ወይ ከመጀመሪያው ለዛ ቤት የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ በምልክቱ እንሂድ፣ መንስኤውን ካወቃችሁ ቀጣዩን ስትገዙም ምን እንደምታዩ ይገባችኋል።

ማታ ጥርቅም ብሎ የተነፋው ፑል ጠዋት ለስልሶ ተገኘ

ወዲያው ተቀደደ አትበሉ። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ከጓሮ ቧንቧ የሚመጣው ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃ እንደሞላችሁ ቀለበቱ ለስለስ ይላል፣ አዲስ ቪኒል (ፑሉ የተሰራበት ፕላስቲክ) ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን በራሱ ይለጠጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ፀሐይ ሲወጣ ራሱ ከጠነከረ ቀዳዳ የለውም፣ ትንሽ አየር ጨምሩለትና ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ሆኖም እየወረደ ከሄደ ግን እያፈሰሰ ነው።

ቀዳዳ ፍለጋ ከቫልቩ ጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ ክዳኑ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ነው ወይ ደግሞ አሸዋ ወይ ሳር ገብቶበት። ቫልቩ ደህና ከሆነ የእቃ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ በስፕሬይ ጠርሙስ ስፌቱን ተከትላችሁ እርጩት፣ ጎሚስታ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ እንደሚያየው ማለት ነው፣ አረፋ እየነፋ የሚወጣበት ቦታ እሱ ነው። በእስክሪብቶ ክበቡትና አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ። ከዛ ቦታውን በአልኮል ጠርጉት፣ ይድረቅ፣ የቪኒል መጠገኛውን ጠርዙን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት (ማዕዘን ካለው ከማዕዘኑ መላጥ ይጀምራል)፣ ለጥፉት፣ ከባድ ነገር ጫኑበትና እስከ ነገ አትንፉት። ዳክት ቴፕ ለአንድ ከሰዓት ቢይዝ ነው፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቪኒሉ ሲለጠጥ እሱ አብሮት አይለጠጥም።

ስፌቱ በድንገት ተተረተረ

ይሄ አየር በዝቶበት ነው። ጠዋት በብርዱ ድንጋይ እስኪሆን ተነፍቶ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፣ እሱም ስፌቱ ነው። በመኪና ጎማ ኮምፕሬሰር መንፋት ደግሞ የባሰ ነው። በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ገባ የሚል ይሁን፣ ቀጥ ያለ ፀሐይ ላይ ባዶውን አታስቀምጡት። ስፌቱ ረጅም ከተተረተረ ጥገናው አያዋጣም፣ ሪሲቱ ካለ ቶሎ መልሱት።

ፑሉ ወደ አንድ ጎን አጋደለ

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቀልዱ። ዲያሜትሩ 10 ጫማ ቁመቱ 30 ኢንች የሆነው ከላይ ቀለበት ብቻ ያለው ፑል ወደ 1,000 ጋሎን ውሃ ይይዛል፣ አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሆነ ጠቅላላው ከ8,000 ፓውንድ ያልፋል፣ ወደ 3,800 ኪሎ በሉት። መሬቱ ትንሽ ካዘቀዘቀ ይሄ ሁሉ ክብደት በአንድ ጎን ይደገፋል፣ ሲለቅ ደግሞ አጠገቡ የቆመ ልጅን ይዞ ነው የሚሄደው። መፍትሄው ማፍሰስ ብቻ ነው፣ በእጅ ገፍቶ ማስተካከል የለም። መሬቱን ስታስተካክሉ ከፍ ያለውን ቆፍሩ እንጂ ዝቅ ያለውን በልቅ አፈር አትሙሉት፣ ልቅ አፈር ውሃ ሲጫነው ይሰምጣል።

ዴክ ወይም በረንዳ ላይ የምታስቀምጡ ደግሞ ይሄን ስሙኝ፦ አንድ ጫማ ጥልቀት ያለው ውሃ በየስኩዌር ፊቱ 62 ፓውንድ ገደማ ይጫናል፣ እዚህ አገር የቤት ዴክ ብዙውን ጊዜ የሚሰራው በስኩዌር ፊት 40 ፓውንድ እንዲችል ታስቦ ነው። ሰው እንኳን ሳይገባበት አልፏል ማለት ነው። አፓርታማ ከሆናችሁ ፑሉን ተዉትና ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ውሃ የሚረጨውን ግዙ፣ ትንንሾቹ እሱንም ሲወዱት ለጉድ ነው።

ስላይዱ ወይም ቦውንስ ሃውሱ ቀጥ ብሎ አልቆም አለ

በመጀመሪያ ይሄኛው ዓይነት በስፌቱ በኩል አየር ቢያወጣ ችግር የለውም፣ የተሰራው እንደዛ ነው፣ ብሎወሩ (አየር የሚነፋው የኤሌክትሪክ ሞተር) ሳያቋርጥ ይነፋለታል። ስለዚህ ፓች አትፈልጉ። የሚታየው ሌላ ነው፦ የአየር ማስወጫው ዚፕ ተዘግቷል ወይ? ቱቦው ብሎወሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል ወይ? የብሎወሩን አፍ ቅጠል ወይ ፎጣ አልዘጋውም? ሁሉም ደህና ከሆነ ኤክስቴንሽኑን እዩት። ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይል ይበላል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ገመዱም ይግላል። ማኑዋሉ ኤክስቴንሽን ከፈቀደ አጭር፣ ለውጪ የሚሆን፣ 14 ወይም 12 ጌጅ ይሁን (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)።

ቴስትና ሪሴት የሚል ቁልፍ ያለው ሶኬት እየደጋገመ ካጠፋባችሁ ደግሞ "ይሄ ሶኬት አስቸገረ" ብላችሁ ወደ ሌላ ተራ ሶኬት አታዙሩት! ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ እያመለጠ ሊሆን ይችላል፣ የሚያጠፋው ልጆቹን ለማዳን ነው። ንቀሉት፣ ብሎወሩንና ገመዱን ከእርጥበት አርቃችሁ አድርቁ፣ ከዛም ካጠፋ ብሎወሩን ቀይሩት።

ነፋስ ላይ ደግሞ፣ ሁሉም ካስማ መሬት ውስጥ መግባት አለበት፣ ሁለቱን መትቶ መተው አይሆንም። በሰዓት ከ15 ማይል በላይ ነፋስ ካለ እኔ ልጆቹን አስወጥቼ አየሩን አወጣለሁ፣ ማኑዋሉ ከዛ በታች ካለ እሱ ያለው ነው።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ግድግዳው ያሟልጫል

አረንጓዴው አልጌ ነው፣ ሙልጭልጩ ደግሞ ባክቴሪያ የሰራው ንጣፍ ነው። ትንሿ የልጆች ፑል ማጣሪያ ስለሌላት በየቀኑ ተጠቅማችሁ እንደጨረሳችሁ ድፉት፣ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ክሎሪን በግምት እየጨመሩ ማሳደር አያስፈልግም። በየቀኑ መድፋት የማይቻል ትልቅ ፑል ከሆነ ማጣሪያ ፓምፕ ያለውን ግዙ፣ በቴስት ስትሪፕ (ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙን የምታዩት የመመርመሪያ ወረቀት) ክሎሪኑ ቢያንስ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ)፣ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7 እስከ 7.8 መሆኑን እዩ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ አይግባ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተህዋስ ክሎሪን በደንብ ባለበት ውሃ ውስጥ እንኳ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

ልጁ ክንዱ ላይ የሚነፋ አድርጎም ጠለቀ

የክንድ ፊኛና ዳክዬ ቀለበት መጫወቻ ናቸው፣ ይንሸራተታሉ፣ ይተነፍሳሉ። የሚያስፈልገው የዩኤስ ኮስት ጋርድ ማረጋገጫ የተጻፈበት ላይፍ ጃኬት ነው፣ እሱም ቢሆን አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት ካለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ከምንም በላይ የሚገድለው መስመጥ ነው፣ ልጅ ሲሰምጥ ደግሞ አይጮኽም። ለስላሳ ጎን ያለው ፑል ላይ ህፃን ደገፍ ሲል ጎኑ ይታጠፍና በጭንቅላቱ ይገባል። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ መሰላሉን አንሱ፣ ብዙ ካውንቲዎች ከ24 ኢንች በላይ ጥልቀት ላለው ፑል አጥር ይጠይቃሉ፣ የሚነፋም ቢሆን።

መሬት ላይ የሚዘረጋው የውሃ መንሸራተቻ የልጆች ብቻ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን 1993 ላይ አዋቂና ጎረምሳ እየዘለለ ሲያርፍበት በድንገት ሊቆምና አንገቱ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ባርቢኪው ላይ ትልልቆቹ "እስቲ እኔም" ሲሉ ከልክሉ።

ስትገዙ

ሳጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ ተዉት፣ ልጆቹ ሁሌም ከዕቃው አንፃር ትንንሽ ሆነው ነው የሚታዩት። ውስጡ ያለውን ስፋትና የሚችለውን ክብደት አንብቡ። የቪኒሉ ውፍረት ከተጻፈ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ለአንድ ሰመር ነው፣ 0.3 እና ከዛ በላይ ይሻላል። ቀለበቶቹ ለየብቻ የሚነፉ ከሆኑ አንዱ ቢበሳ ሌላው ይይዛል። የማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው አትግዙ፣ በየቀኑ መድፋቱ ይሰለቻችሁና ውሃው ያድራል።

ሌበር ደይ ሲያልፍ እጥፋቱ ውስጥ ሳይቀር አድርቁት፣ እርጥብ ከታጠፈ ይሻግታል። ጋራዡ ክረምት ላይ በረዶ የሚሰራ ከሆነ ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ቪኒል በብርድ ይደርቅና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። መጠገኛውንና ክዳኖቹን እዛው ከረጢት ውስጥ ክተቷቸው፣ ለብቻ ከተቀመጡ በሚቀጥለው ሰመር አይገኙም።