ዊቸር 3ን የምትጫወቱ፣ ለሲሪ ስትሉ ይህን ልብ በሉ

መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቪዲዮ ጌም ዊቸር 3 ላይ፣ እናንተ የምትጫወቱት ጌራልት እንደ ልጁ ያሳደጋትን የሲሪን ዕጣ የሚወስነው የመጨረሻው ውጊያ አይደለም። ከዚያ በፊት የሚመጡ አምስት ትንንሽ አጋጣሚዎች ናቸው፤ ጌሙም ወሳኝ መሆናቸውን አይነግራችሁም። ካምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ከተሳኩ ሲሪ ትተርፋለች።

በሐዘኗ ጊዜ መጠጥ አታቅርቡላት፣ በረዶ ተወራወሩ። የጠንቋይ ሴቶቹን ማኅበር (ሎጁን) ብቻዋን ታነጋግር። የረዳትን ወጣት የስክያልን መቃብር ማየት ስትፈልግ አብራችኋት ሂዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ከወሰዳችኋት የሚሰጣችሁን ገንዘብ እንዳትቀበሉ፤ ዊቸር (ጭራቅ አዳኝ) ሆና እንድትኖር ከፈለጋችሁ ግን ጭራሽ አትውሰዷት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአስተማሪዋ የአቫላክ ቤተ ሙከራ ላይ ነው። ተናዳ ዕቃውን ልትሰባብር ስትል «ተረጋጊ» ማለት የአዋቂ ሰው መልስ ይመስላል፤ ጌሙ ግን በአሉታዊ ይቆጥረዋል። ጌራልት የሚመዘነው ልጁን በማመኑ ነው፤ ለኔ የዚህ ጌም ትልቁ ውበት ይኸው ነው።

ከአምስቱ የመጀመሪያው የሚመጣው ከካየር ሞርሄን (የዊቸሮቹ ምሽግ) ውጊያ በኋላ ስለሆነ፣ ከውጊያው በፊት በእጃችሁ ሴቭ አድርጉ፤ በላዩም ሌላ አትጻፉበት።