ዋሃካና ዙሪያዋን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሃካ በደቡብ ሜክሲኮ፣ ሦስት ሸለቆዎች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንግዳ በብዛት የሚሳሳተው በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች ባለቤት እንደሌለው መናፈሻ ሲቆጥር ነው። በዋሃካ ግዛት ካሉት 570 ማዘጋጃ ቤቶች ከ400 የሚበልጡት ሹሞቻቸውን የሚመርጡት በፓርቲ ሳይሆን በቆየ ልማዳቸው፣ በጉባኤ ተሰብስበው ነው። በብዙዎቹ ዘንድ መሬቱም፣ ምንጩም፣ ጫካው ውስጥ ያለው የእግር መንገድም የጋራ ሀብት ነው። መንገዱን የሚጠርጉት «ቴኪዮ» በሚሉት ያለ ክፍያ የሚሠራ የጋራ ሥራ ነው፤ ደቦን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ሞንቴ አልባንን አይቶ ሙዚየሙን መተው

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዛፖቴኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ የተራራ አናት ደልድለው የቆረቆሩት ይህ ጥንታዊ ከተማ ከሸለቆው 400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ይድረሱ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃና ባርኔጣ ይያዙ። «ጨፋሪዎቹ» የሚባሉትን የድንጋይ ቅርጾች ቆም ብለው ይመልከቱ፤ ዓይናቸው ተከድኗል፣ እጅና እግራቸው ዝሏል። ዛሬ ብዙ አጥኚዎች የተገደሉ ምርኮኞች ናቸው ይላሉ። በ1932 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የአርኪዮሎጂ ባለሙያው አልፎንሶ ካሶ ከ7ኛው መቃብር ያወጣው የሚሽቴኮች (የሌላው የአካባቢው ሕዝብ) ወርቅ ግን ተራራው ላይ የለም፤ ያለው ከተማው ውስጥ፣ በሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው።

የገበያ ቀን ሳያውቁ መውጣት

የሸለቆው ገበያ በየዕለቱ ቦታ ይቀያይራል፦ ረቡዕ ኤትላ፣ ሐሙስ ሳቺላ፣ ዓርብ ኦኮትላን፣ እሑድ ትላኮሉላ። አንድ ቀን ብቻ ካለዎት እሑድን ይምረጡ። የጋራ ታክሲዎቹ የሚሄዱበት ስም መስታወታቸው ላይ ተጽፏል፤ ሲሞሉ ይነሣሉ። ዝርዝር ፔሶ ከከተማ ይዘው ይውጡ።

የሎሚውን ትርኢት አይቶ ምንጣፍ መግዛት

በቴኦቲትላን ዴል ቫዬ መንደር ሸማኔው ከበለስ ቁልቋል ላይ የለቀማትን ኮችኒያል የምትባል ትንሽ ነፍሳት መዳፉ ላይ ይጨፈልቃል። መዳፉ ደም ይመስላል። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት ወደ ብርቱካናማ ይነጣል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰንስበት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። በእርግጥም ያምራል፤ ግን የሚያረጋግጠው ነፍሳቷ ቀለም እንዳላት ብቻ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምንጣፍ በእሷ መነከሩን አይደለም። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም 140,000 ያህል ነፍሳት ስለሚያስፈልጉ፣ ቀይ የበዛበት ምንጣፍ በርካሽ ከተሸጠ ይጠራጠሩ።

ይልቁንስ መንከሪያውን ድስትና ያልተሸመነውን ክር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ከዚያም ከጫፉ አንድ ክር አስፈቅደው ያቃጥሉ፦ ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸትና በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። «ይህ የሽመና መሣሪያ ከስፔኖች በፊት የነበረ ነው» ቢባሉም አይቀበሉ። በጉም፣ በእግር የሚረገጠው መሣሪያም የመጡት ከስፔኖች ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ አንዱ ጫፍ በሸማኔዋ ወገብ የሚታሰረውን ማየት ከፈለጉ ሳንቶ ቶማስ ሃሊዬሳ ይሂዱ።

(በለስ ራሱ ወደ ትግራይ የመጣው ከዚሁ ከሜክሲኮ ምድር ነው። ኮችኒያልም በኋላ ለቀለም ተብላ ትግራይ ገብታ የገበሬውን በለስ አውድማለች። ዋሃካ ላይ ሀብት የሆነችው ነፍሳት እዚያ መቅሠፍት ሆናለች።)

«የሚፈላ ውኃ» ሲባል ፍል ውኃ መጠበቅ

ኢዬርቬ ኤል አጉዋ የተባለው ምንጭ የስሙ ትርጉም እንዲያ ይሁን እንጂ ውኃው ለብ ያለ እንኳ አይደለም፤ አረፋ የሚያወጣው ከውስጡ በሚወጣው ጋዝ ነው። ፏፏቴ የሚመስለው ነጭ ገደል ውኃው ሲወርድ እያስቀመጠ የሄደው የኖራ ድንጋይ ነው። ክፍያ ከአንድ በላይ ቦታ ቢጠየቁ አይከራከሩ፤ መንገዱና ምንጩ የተለያዩ ማኅበረሰቦች ንብረት ሊሆኑ ይችላሉ። በ2021 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነዋሪዎቹ ቦታውን ለወራት ዘግተውት ነበርና፣ ከመነሣትዎ በፊት ክፍት መሆኑን ሚትላ ከተማ ላይ ይጠይቁ።

ሲዬራ ኖርቴን ያለ መሪ መውጣት

ሲዬራ ኖርቴ በተባለው ተራራማ አካባቢ ያለው የኩዋሂሞሎያስ መንደር 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦን ያህል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ቀላል ነው፣ ከዱባይ ለመጣ ግን አንድ ሌሊት አርፎ መራመድ ይሻላል። እዚያ ስምንት መንደሮች በጋራ የሚያስተዳድሩት ጫካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የእግር መንገድ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ምልክቶቹ አይታዩም። መሪው የሚያዘው ከመንደሩ ቢሮ ነው። በዝናቡ ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይነሡ። ሌሊቱ ብርድ አለው፤ ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ።

ቋንቋቸውን «ቀበልኛ» ማለት

ዛፖቴክ የስፓኒሽ ቀበልኛ አይደለም፤ በድምፅ ከፍታ ትርጉም የሚለይበት የቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፣ በሸለቆና በተራራ ያሉት ተናጋሪዎች እርስ በርስ ላይግባቡ ይችላሉ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጥያቄ። እምቢ ካሉ ስልኩን ወደ ኪስ ይመልሱ።

የጌላጌትሳን ቀን በግምት መያዝ

ትልቁ በዓል የሚውለው ከሐምሌ 16 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ ባሉት ሁለት ሰኞዎች ነው። ሰኞው 18 ላይ ከዋለ ግን፣ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቤኒቶ ሁዋሬስ የሞቱበት ቀን ስለሆነ፣ በአንድ ሳምንት ይገፋል። ቃሉ ከመድረኩ ጭፈራ በፊት በመንደር ውስጥ ያለውን መረዳዳት የሚጠራ ነው፦ ለሠርግህ ያመጣሁልህን ዶሮና በቆሎ በደብተር ትጽፋለህ፣ የእኔ ሠርግ ሲደርስ በዚያው ልክ ትመልሳለህ። ድግስ ቤት ከተጠሩ ባዶ እጅዎን አይግቡ።