ታሊንን እንደ ሁለት ከተማ መጎብኘት፦ ወደ ኢስቶኒያ ለሚጓዙ

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ የሕዝቧ ቁጥር 1.3 ሚሊዮን ገደማ የሆነ ትንሽ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ታሊን በመካከለኛው ዘመን የታጠረችበትን ቅጥር አብዛኛውን ክፍል ከነግንቦቹ ጠብቃ ያቆየች ስትሆን፣ አሮጌው ከተማ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ጎብኚ ግማሽ ቀን ብቻ ሰጥቷት ይመለሳል፤ እኔ ግን ሁለት ሙሉ ቀን እንዲመድቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ቅጥር ውስጥ የሚያዩት በሕግም በኑሮም ተለያይተው የቆዩ ሁለት ከተሞችን ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር እስከ 15 ቀን አስቀድሞ ይቀርባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንና ከሸንገን አገሮች ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ይጠየቃል። ኢስቶኒያ በሁሉም አገር ኤምባሲ ስለሌላት፣ ባሉበት አገር ማመልከቻዋን የሚቀበልላት ማን እንደሆነ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሯ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። በስዊድን፣ በጀርመን ወይም በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ እንዲሁም የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ፣ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ከሄልሲንኪ በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የከተማዋን ማማዎች ከባሕር ላይ ሆነው እያዩ መድረስ ከአውሮፕላን ጉዞ እጅግ የተሻለ ነው።

ለጉዞው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ ከእራት በኋላም በብርሃን መጎብኘት ይቻላል። በበጋቸው ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። በታኅሣሥ ግን የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብርዱም ከባድ ነው።

ጉብኝቱን ከታችኛው ከተማ፣ ከቪሩ በር ይጀምሩ። ይህ የነጋዴዎች ከተማ ነበር፤ ከ1248 ጀምሮ በጀርመኗ ሉቤክ ሕግ ይተዳደር ነበር፤ የሃንዛ የንግድ ማኅበር አባል በመሆንም ከሩሲያ ጋር በሚደረገው ንግድ በልጽጓል። የድሮዎቹን የነጋዴ ቤቶች ሲያልፉ ቀና ብለው ጣሪያቸውን ይመልከቱ፤ ዕቃ ወደ ላይኛው ጎተራ ይጎተትበት የነበረው ግንድ ከአንዳንዶቹ ላይ እስካሁን ወጥቶ ይታያል። በአደባባዩ ላይ በ1404 የተጠናቀቀው የከተማው ምክር ቤት ሕንፃ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ያለው መድኃኒት ቤት ደግሞ ቢያንስ ከ1422 ጀምሮ በዚያው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ሙዚየም ወደሆነው ወደ ኒጉሊስቴ ቤተ ክርስቲያን ይግቡ። በ15ኛው መቶ ዓመት የተሣለው ትልቅ ሥዕል፣ ሞት የሮማውን ጳጳስና ንጉሠ ነገሥቱን እጅ ይዞ ሲያስጨፍር ያሳያል፤ እኔ ከከተማዋ ቅርሶች ሁሉ እርሱን አስቀድማለሁ።

ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ቶምፔያ ኮረብታ፣ ፒክ ያልግ በተባለው በቅጥር በታጠረ ዳገት ይውጡ። መኳንንቱና ጳጳሱ የሚኖሩት እዚህ ስለነበረ የመንገዱ በር ሌሊት ይዘጋ ነበር፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። በጥንቱ ካቴድራል ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ከእንጨት የተቀረጹ የመኳንንት አርማዎች ይህን ታሪክ ይመሰክራሉ። ከፓርላማው ፊት ለፊት በ1900 የተጠናቀቀው የአሌክሳንደር ኔቭስኪ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። የጸሎት ቤት ስለሆነ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይዘው ቢገቡ መልካም ነው፤ ውስጡን ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም።

ለእኛ አንባቢዎች ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ። የሩሲያዊው ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት የሆነው አብራም ሃኒባል፣ ከተማዋ በሩሲያ ሥር ሆና ሬቫል ትባል በነበረበት ዘመን፣ ከ1742 እስከ 1752 የጦር አዛዧ ነበር፤ በሙያውም የምሽግ መሐንዲስ ነው። ትውልዱ ከእኛ አካባቢ ነው የሚለው አሳብ በእኛ ዘንድ የጸና ቢሆንም፣ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ካለው ሎጎን ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም መኖራቸውን ማወቅ ይገባል። የሃኒባል የክርስትና አባት የሆነው የሩሲያ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ለሚስቱ ለካትሪን በ1718 ማሠራት የጀመረው የካድሪዮርግ ቤተ መንግሥት ከመሀል ከተማ በትራም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ የሁለተኛውን ቀን ጧት ለእርሱና በዙሪያው ላለው ሰፊ መናፈሻ ይስጡ።

የድንጋይ ንጣፉ ከዝናብ በኋላ ስለሚያንሸራትት ሶሉ የማያዳልጥ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ። በአውቶቡስና በትራም የባንክ ካርድዎን ከፊት በር አጠገብ ባለው መሣሪያ ላይ አስነክተው መክፈል ይችላሉ፤ ነፃ ጉዞ የተፈቀደው ለከተማዋ ነዋሪዎች ስለሆነ ሳይከፍሉ አይሳፈሩ። ምግብ በአደባባዩ ዙሪያ ይወደዳል፤ ጥቂት መንገዶች ራቅ ቢሉ ዋጋው ይቀንሳል። የሚጾም ሰው ራይ ከተባለው እህል የሚጋገረውን ጥቁር ዳቦ፣ ድንችና እንጉዳይ በቀላሉ ያገኛል፤ ቅቤና ክሬም ግን ብዙ ምግብ ውስጥ ስለሚገባ አስቀድመው ይጠይቁ። ሦስተኛ ቀን ካለዎት ከታሊን በስተምሥራቅ ወዳለው ወደ ላሄማ ብሔራዊ ፓርክ ይሂዱ፤ በዚያ በቪሩ ረግረግ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ እግርዎ ሳይረጥብ በጥቋቁር ኩሬዎች መካከል መሄድ ይችላሉ።