የረግረግ የውጊያ ካርታ ሲነድፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው በዳይስ ለሚጫወቱት ጨዋታ፣ የረግረግ ካርታ የሚሥል ሰው ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ተጫዋቹ እግሩን የት ያሳርፋል? ውሃውና ዛፉ የቱንም ያህል ቢያምር ይህ ካልተመለሰ ውጊያው አይንቀሳቀስም።

ረግረጉን ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃ ማድረግ

በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የሚና ጨዋታ ደንብ ካርታው በካሬ ሲከፈል አንድ ካሬ 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ገጸ ባሕርይ በአንድ ዙር 30 ጫማ ወይም 6 ካሬ ይሄዳል። አስቸጋሪ መሬት ላይ ግን አንዱ ካሬ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር 3 ካሬ ብቻ ይቀረዋል። ካርታው 19 ካሬ ርዝመት ኖሮት ሙሉው ጭቃ ከሆነ ከዳር እዳር ለመድረስ 7 ዙር ይፈጃል። ቀስተኛው ቆሞ ይወረውራል፤ ባለ ሰይፉ ገና ሲራመድ ውጊያው ያልቃል።

መፍትሔው አፋችን ላይ አለ። «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለው ሁለቱ ስለሚለያዩ ነው፤ ድጥ ላዩ ያንሸራትታል፣ ሥሩ ግን ይሸከማል፤ ማጥ ይውጣል። እንግዲህ አራት ደረጃ ያበጁ። ደረቅ ጉብታ እንደ ልብ ይረገጣል። ድጥ ፍጥነት አይቀንስም፣ የሚሮጥበት ሰው ግን ዳይስ ጥሎ ካልቀናው ይወድቃል። ማጥ ላይ አንዱ ካሬ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ዙሩን እዚያው የጨረሰ ሰው ለመውጣት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ፣ ከጉልበት ጭማሪው (ሞዲፋየር) ጋር ቢያንስ 12 ማምጣት አለበት። አራተኛው ጥልቅ ውሃ ነው፤ በዋና ብቻ ይታለፋል።

አራት የኤ4 ወረቀት ሁለት በሁለት ቢጣበቅ፣ ካሬው 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 14 በ19፣ በድምሩ 266 ካሬ ይወጣል። ከዚህ 105ቱን ደረቅ፣ 80ውን ድጥ፣ 50ውን ማጥ፣ የቀረውን ጥልቅ ውሃ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ያልነው የጠርሙስ ቆርኪን በገጸ ባሕርይ ምትክ ካርታው ላይ አስቀምጠው ለሚጫወቱ ነው፤ ቆርኪ የተለመደው 2.5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ አይገባም፣ የጎረቤቱን ካሬ ይነካል።

ረግረግን እንደ ሐይቅ መሣል

ረግረግ ጥርት ያለ ዳር የለውም። ጅማ ያለ ሰው ለዚህ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ ቦዬ ወይም ኪቶ ረግረግ ሄዶ ቆም ብሎ ማየት ይበቃዋል። የግጦሹ ሣር ወደ ቄጠማ፣ ቄጠማው ወደ ፊላ፣ ፊላው ወደ ክፍት ውሃ እያለ ይለወጣል። ካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ለውጥ ቢያንስ 2 ካሬ ስፋት ይስጡ።

የሰው እጅ ያረፈባቸውንም ቦታዎች አይርሱ፤ ለውጊያ እነሱን የሚያህል የለም። ለጡብ ሥራ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ በ2 በ3 ካሬ ይሣላል፣ ከድጥ ላይ በአንድ እርምጃ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይከታል። የባሕር ዛፍ ረድፍ ከቀስት መከለያ ይሆናል። አንድ ካሬ ስፋት ያለው የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ደግሞ ዘሎ መሻገርን ያመጣል።

ቦዬ በጉማሬው ይታወቃል። ጉማሬ በጨዋታው 2 በ2 ካሬ ስለሚይዝ ለመዞር እንኳ 4 በ4 ክፍት ውሃ ይፈልጋል። ማታ ለግጦሽ ሲወጣ በለመደው መንገድ ስለሚመላለስ ፊላው መሐል የተረገጠ መተላለፊያ ይቀራል። ያንን መተላለፊያ 2 ካሬ ስፋት አድርገው ይሣሉት። ተጫዋቾች ቀላል መንገድ አገኘን ብለው ይገቡበታል፤ አደጋው ያለው በእንስሳውና በውሃው መካከል መቆም ላይ ነው።

አንድ መንገድ ብቻ መተው

ደረቁ መሬት በመሐል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ሁሉም እዚያው ይቆለፋል። ቢያንስ ሦስት አማራጭ ይኑር፤ ረጅምና ደረቅ፣ አጭርና ማጥ ያለበት፣ ከጉብታ ወደ ጉብታ የሚዘለልበት። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 ካሬ አይብለጥ።

ፊላው ይከልል አይከልል ሳይወስኑ መተው

የፊላውን አገዳ አንድ በአንድ መሣል ጠረጴዛ ላይ ክርክር ብቻ ነው የሚያተርፈው። የፊላውን ዙሪያ በአንድ መስመር ይክበቡ። አንድ ካሬ ፊላ በከፊል ይጋርዳል፤ በተከታታይ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይን አያልፈውም። ቄጠማ የሚሸሽገው የተንበረከከን ሰው ብቻ ይሁን።

ቀለሙን ማጥቆር

ረግረግ ጨለማ ነው ተብሎ በጥቁር አረንጓዴ የተሣለ ካርታ በማታ አምፖል ሥር ካሬውም ቆርኪውም አይለይበትም። ለጭቃው የቡና ውሃ ግሩም ቀለም ነው፤ በረካው ለድጥ፣ አቦሉ ሁለት ጊዜ እየተደረበ ለማጥ። አተላው በጨርቅ ይጠለል፣ አለዚያ ወረቀቱ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። 80 ግራሙ የፎቶኮፒ ወረቀት ሲረጥብ ስለሚጨማደድ 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ይምረጡ። የካሬውን መስመር መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱ ሌሊቱን ደርቆ ካደረ በኋላ ያስምሩ። ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ቀድሞ የተሰመረ መስመር ይጣመማል፣ የእስክሪብቶው ቀለምም ይፈሳል።

ውሃውን ባለበት ማቆም

በክረምት ረግረግ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። በጉብታዎቹ ዙሪያ ሁለት የነጠብጣብ መስመር ያኑሩ። ዝናብ ከጣለ በየ3 ዙሩ ውሃው አንድ መስመር ይውጣ፤ ድጡ ማጥ፣ ማጡ ጥልቅ ውሃ ይሁን። ካርታውን ላለማበላሸት ከላዩ የላስቲክ ሽፋን ዘርግተው፣ አዲሱን ዳር በነጭ ሰሌዳ ማርከር ይሣሉበት።