መገጣጠሚያ ሲያም ብረት እንዴት ይገፋል?

መገጣጠሚያውን ያመመው ሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ጥርሱን ነክሶ በለመደው ክብደት ይቀጥላል፣ ወይ ጂሙን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሁለቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው የተቆጣውን ጅማት ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጉልበትንና ትከሻን ደግፈው የሚይዙትን ጡንቻዎች ስለሚያደክም፣ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ሕመሙ በቀላል ክብደትም ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ እንቅስቃሴውን ከመተው በፊት አሠራሩን መቀየር ይቀድማል።

አስቀድሞ ግን ጂም ውስጥ የማይፈታውን መለየት ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ከጋለ፣ ሲታጠፍ የሚቆለፍ ወይም ሲቆሙበት የሚከዳ ከሆነ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ትኩሳት ያለበት ከሆነ ሥልጠናውን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ምንነቱ በምርመራ ያልታወቀን እብጠት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት አይገባም። ከሥልጠና በፊት የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ መዋጥም መጥፎ ልማድ ነው፤ አቁም የሚለውን ምልክት ይደብቃል፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ለቀረው ሕመም ቀላል መለኪያ አለ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ልክ ይገምቱት፤ በሥራው ጊዜ ከ3 ካልበለጠና በ24 ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል። በማግስቱ ጠዋት የቤትዎን ደረጃ ሲወርዱ ጉልበትዎ ከወትሮው የባሰ ካመመዎት ግን የትናንቱ ሥራ በዝቷል ማለት ነው።

በጉልበት እንጀምር። በስኳት (ቁጭ ብድግ) ጊዜ ጉልበት ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ከኋላዎ አግዳሚ ወንበር ወይም ሳጥን አኑረው፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ሕመሙ ከሚጀምርበት ጥልቀት ጥቂት ከፍ ብለው ይቁሙ፤ ጫናው በከፊል ወደ ዳሌ ይሻገራል። ተቀምጦ እግር በሚዘረጋበት ማሽን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚከብደው እግር ወደ መቃናት ሲቀርብ በመሆኑ፣ ከ90 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 45 ያህል ብቻ ዘርግቶ መመለስ ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሮጠው ማታ ስኳት የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱንም የሚሸከመው ያው ጉልበት ነው። በተለይ ደረጃ መውረዱን ይቀንሱ።

ትከሻን በብዛት የሚያስቆጣው ክርን ወደ ጎን ተከፍቶ የሚሠራ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) ነው። ክርንዎን ወደ ጎድንዎ አቅርበው ከሰውነትዎ ጋር 45 ዲግሪ ያህል ያድርጉት፤ ካልተሻለም ረጅሙን ብረት ትተው መዳፎችዎ እርስ በርስ እንዲተያዩ በዳምቤል (በአጭር የእጅ ብረት) ይግፉ። ወለል ላይ ተኝቶ መግፋትም መልካም አማራጭ ነው፤ ክርን መሬት ስለሚነካ ትከሻ ከኋላ ከመጠን በላይ አይለጠጥም። ክንድን ወደ ጎን በሚያነሡበት ጊዜ አውራ ጣት ወደ ላይ ይሁን፣ ክንዱም በትክክል በጎን ሳይሆን ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ይበል።

ለክርንና ለእጅ አንጓ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክንድዎን ሲያጥፉ ቀጥ ያለው ብረት ካመመዎት ዳምቤሉን እንደ መዶሻ ይዘው ያጥፉ፤ ፑሽ አፕ አንጓን ካመመ የማይንከባለሉ ዳምቤሎችን ጨብጠው ይሥሩ።

ክብደቱ ሲቀንስ ጡንቻው ይቀንሳል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። ቀለል ባለ ክብደት ከ15 እስከ 20 ጊዜ፣ ጡንቻው እስኪደክም ተጠግተው ከሠሩ ጡንቻ ያድጋል፤ ከባድ ክብደት የሚበልጠው በዋናነት ለጥንካሬ ነው። ሲያወርዱ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ መውሰድም ቀላሉን ክብደት ያከብደዋል። ይህ በተለይ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚፈልጉት ዳምቤል በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ይጠቅማል። ሌላው ዘዴ ቅደም ተከተልን መቀየር ነው፤ እግርን ወደ ኋላ በማጠፍ ጀምረው ስኳትን መጨረሻ ላይ ቢያደርጉት፣ አስቀድሞ የደከመው እግር በትንሽ ክብደት ይረካል።

ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የክረምት ጠዋት ይበርዳል፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሰው 10 ደቂቃ ያህል ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያም በባዶ ብረት ጀምሮ ቢያሟሙቅ ይመረጣል።

ሕመሙ ሲበርድ መጀመሪያ ጥልቀቱን፣ ቀጥሎ ክብደቱን ይመልሱ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። ሁሉም እንቅስቃሴ ግን መመለስ የለበትም። ከማጅራት ኋላ ብረት እያወረዱ መግፋትን፣ ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ያመማቸው ሰዎች ጨርሰው ቢተዉት የሚቀርባቸው ነገር የለም።