በአዲስ አበባ ዳርቻ የሁለት ሴቶች ፍቅር፣ የጠፋ ድስትና ሮቦት፦ በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደም የማይፈስበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠየቀ ምስጢሩን የሚፈታበት፣ ሳይንስ ጣል ጣል ያለበትና ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበት ልብ ወለድ በአማርኛ ለመጻፍ የሚሞክሩ አሉ። ያየኋቸው ረቂቆች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ፍቅሩ ለብቻው፣ ምርመራው ለብቻው፣ ሳይንሱም ለብቻው ይሄዳል።

አንዱ ስህተት ተራኪዋን መደበቅ ነው። አማርኛ «እኔ» የሚለውን ሰው ጾታ አይናገርም። «ወደድኩሽ» ሲባል የተወደደችው ሴት መሆኗ ይታወቃል፣ ወዳጇ ግን ማንም ሊሆን ይችላል። ይህን የነቃ ጸሐፊ ተራኪው ወንድ እንዲመስለን ገጽ በገጽ ሲያታልለን ይቆይና መጨረሻ ላይ «ለካ ሴት ናት!» ይለናል። ፍቅሩን የማታለያ ዘዴ አደረገው ማለት ነው። ገና ከመጀመሪያው አንዷ ጎረቤት «አንቺ፣ የእድሩን ከፍለሻል?» ብላ ትጥራትና ይለቅ። መደበቅ ካማራችሁ ወንጀለኛውን ደብቁ። ዘበኛው «እሳቸው ናቸው የገቡት» ካለ ሽማግሌ ይሁኑ አሮጊት አልተናገረም፤ አንባቢም ልብ አይለውም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሰዓት ላይ የሚሠራው ስህተት ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ትቶ በፈረንጅ ሰዓት መጻፍ ያገኙትን ወርቅ መጣል ነው። እንበልና ታሪኩ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የእድሩ ድስት ጠፍቷል፤ ድስቱንና ድንኳኑን የሚጠብቀው ሮቦት መጋዘኑ የተከፈተበትን ሰዓት 18:40 ብሎ መዝግቧል። መርማሪዋ የእድሩ መዋጮ ሰብሳቢ ናት፤ ቤት ለቤት ለመዞር ሰበብ ስላላት ከፖሊስ ትሻላለች። ኮሚቴው ቁጥሩን ያይና ማታ 12 ሰዓት ከ40 ነው ብሎ ይደመድማል። በዚያ ሰዓት ተጠርጣሪዋ ልጅ ሱቅ በር ላይ ዳቦ ስትገዛ ሰው አይቷታል። ነጻ ናት። ነገር ግን ብዙ ማሽኖች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው፤ እኛ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 18:40 እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ የት ነበረች? አራተኛ ፎቅ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ፣ ጸጉሯን እየተሠራች። ሠሪዋ ደግሞ መርማሪዋ ራሷ ናት። ልጅቷ እንዳልሰረቀች ከማንም በላይ ታውቃለች፣ እንዴት እንዳወቀች ግን ለኮሚቴው መናገር አትችልም። አሁን ሳይንሱ፣ ምርመራውና ፍቅሩ አንድ ቋጠሮ ውስጥ ገቡ።

ለምን መናገር እንደማትችል ደግሞ መዘንጋት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ይህ የሌለ አስመስሎ መጻፍ አንባቢን አያሳምንም። በየምዕራፉ ፖሊስ በር እንዲያንኳኳ ማድረግም ታሪኩን ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ያደርገዋል፤ ረጋ ያለው ምርመራ ያኔ አበቃለት። ፍርሃቱ በትንንሽ ነገር ይታይ። እዚህ ላይ ከውጭ ልብ ወለድ የተቀዳ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ፦ ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ሰፈሩ ሲደነግጥ። ማን ይደነግጣል? ጓደኛሞች ተቃቅፈው ሲሄዱ፣ አንዷ ሌላዋ ቤት ስታድር የሚጠይቅ የለም። የሚያስጠይቀው ሽማግሌ ተልኮ «አላገባም» ማለት ነው። ውጥረቱን እዚያ አድርጉት፤ እማማ ቡና እያፈሉ «ያን የመሰለ ልጅ ምን ጎድሎት ነው?» ሲሏት።

ሳተላይት የምትጠቀሙ ከሆነ ሌባውን አታስቀርጹት። ታህሳስ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ሥራዋም መሬትን መቃኘት ነበር። የምስሏ አንድ ነጥብ ከ10 ሜትር በላይ ይሸፍን ስለነበር ሰው ቀርቶ ድንኳኑም ተለይቶ አይታይባትም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሳተላይት ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል፤ ከአናታችን በላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለምርመራ የሚጠቅመው ሳተላይቱን የምትቆጣጠረው ባለሙያ በዚያ ደቂቃ ከወንበሯ መነሳት አለመቻሏ ነው። እንጦጦም እንደዚሁ፦ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች በሐምሌና በነሐሴ ደመና ምን ያያሉ? «ሐምሌ 20 ሌሊት ከዋክብት ስቆጥር ነበር» ያለ ገጸ ባሕርይ ቢዋሽ ነው፤ አንባቢው ሳይነገረው እንዲይዘው ተዉለት።

ዳርቻ ሁሉ አንድ አይደለም። ሱሉልታ ብርድ ነው፣ አቃቂ ፋብሪካ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አማርኛ ብቻ የሚናገርበት ሱሉልታ ደግሞ የለም፤ ኦሮምኛ የምትሰማ መርማሪ ሌላው የማይሰማውን ትሰማለች።

መጨረሻው ላይ አንዷን መግደል የለመድነው ነው፤ ለሁለቱም ቪዛ ማስመታትም ያው መገላገል ነው። እዚያው አራተኛ ፎቅ ይኑሩ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ሮቶውን አብረው ይሙሉ፣ ድስቱን የወሰዱት የእድሩ ዳኛ መሆናቸው ይታወቅ፣ ሰብሳቢዋም በሚቀጥለው ወር መዋጮ ልትጠይቅ የእሳቸውን በር ታንኳኳ።