ያረጀ መኪና አልነሳ ሲል፣ እየሄደም ሲጠፋ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

መኪና አልነሳ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባትሪ ነው። ባትሪ ይገዛል፣ ሁለት ቀን ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል። እኔም እንዲህ አድርጌ ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት) ላይ ነው። የታሰረበት ቡሎን ከሥሩ ዝጎ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን መልሰን ስናጠብቀው መኪናው ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምልክቱን በደንብ አያለሁ።

ስትፈትሹ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑም ይሳብ። የተንጠለጠለ ልብስ ከቺንጋ (ከሞተሩ ቀበቶ) እና ከፋን ይራቅ። የቤንዚን ሽታ ካለ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ምንም የእሳት ብልጭታ አትፍጠሩ።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም

የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቶው (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረው) በደንብ አልያዘም። መብራቱ እንዳለ ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ጋ አልደረሰም። የቁልፍ ማብሪያውንና ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ እዩ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።

ድምፁም ይለያያል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ከተደጋገመ ባትሪው ደካማ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ ጠቅ ካለ ሞተሪኖውን ወይም ወፍራሙን ገመድ ጠርጥሩ። ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ ስታደርጉት ከሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል ማለት ነው። ይህ ቤት ለመድረስ ያህል ነው፤ ሞተሪኖው መፈታቱ አይቀርም።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ግምት አያስፈልግም። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ጉልበት የለውም፤ ቻርጅ አድርጋችሁ እንደገና ለኩት።

እኔን ሁለት ባትሪ ያስገዛኝን ጥፋት የሚያገኘው ሌላ ልኬት ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ገመዱ የሚታሰርበት ጉብታ) ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ። ቁልፉ ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው መስመር ተበላሽቷል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ፍቱት፣ ብረቱ እስኪያበራ ጥረጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ነው፤ ስታስሩ ደግሞ እሱ መጨረሻ ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ እንኳ ሾርት አያደርግም።

በሌላ መኪና ባትሪ ተነስቶ በማግስቱ እንደገና እምቢ ካለስ? ዲናሞው ላይሞላው ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ። ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል የቆየ ልማድ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ደህናውን ዲናሞ ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

እዚህ ጋ የምትፈልጉት እሳት (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ)፣ ነዳጅና ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ነው። ከእሳቱ ጀምሩ። በፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ እሳት የሚያስነሳ ዕቃ) የሚሠራ የድሮ ሞተር ከሆነ አንድ ካንዴላ (እሳቱን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈነጥቀውን) ፍቱና ገመዱ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙ፤ ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዙት። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሰማያዊና የሚንጣጣ እሳት ከታየ ጤነኛ ነው። ቀጭንና ቀላ ያለ ከሆነ ደካማ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ከሆነ ግን ለዚህ የተሠራ መፈተሻ ተጠቀሙ፤ በዚህኛው መንገድ መሞከር ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል።

እሳት ከሌለ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሱ። ውስጡ እርጥበት ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። እርጥበቱን በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፤ መስመር ያለው ክዳን ግን ይቀየራል። ፑንቲናው ሲከፈት ክፍተቱ ብዙ መኪኖች ላይ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የራሳችሁን መኪና ልክ ከመመሪያው አረጋግጡ።

እሳት ካለ የፈታችሁትን ካንዴላ ተመልከቱ። በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበታል። ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ያዙት፤ ደጋግማችሁ አትርገጡ። ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አዙሩት። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) ያለው ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ፊልትሮውን አንሱና ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ገመድ ሳብ አድርጉ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ሲረጭ ማየት አለባችሁ። ኢንጀክሽን (በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ) ከሆነ ቁልፉ ሲከፈት ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) በኩል ለሁለት ሰከንድ ያህል የፓምፕ ድምፅ ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍተውን ማብሪያ) ሳታዩ ፓምፕ አትግዙ።

ሁለት ለየት ያሉ ምልክቶች አሉ። ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ አቁሙ፤ ደጋግሞ ማዞር ቫልቮቹን ሊያጣምም ይችላል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉን ስትለቁት የሚጠፋው ነው። ብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ለቦቢናው (ለካንዴላ የሚሆን ከፍተኛ ቮልት ለሚያመነጨው) ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ሬዚስተር አለ። ሞተሪኖው ሲሠራ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ ያልፋል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በሬዚስተሩ በኩል ይሄዳል። እሱ ከተቃጠለ እሳቱ እዚያው ይቋረጣል። ርካሽና ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሳትታይ ግን ብዙ ካርቡሬተር ታስፈታለች።

እየሄደ ይጠፋል

አጠፋፉን አስታውሱ። መብራት እንደማጥፋት ድርግም ካለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። እየተንተፋተፈ፣ ጉልበት እያጣ ከሞተ ነዳጅ ነው። ይህን አንድ ነገር ለመካኒኩ በትክክል መንገር ብቻ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ሲሞቅ ድርግም ብሎ የሚጠፋና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ ከሆነ ቦቢናውን ጠርጥሩ። ኢንጀክሽን ላይ ደግሞ የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን አዟዟር የሚከታተለውን)። ችግሩ ጋራዥ ስትደርሱ ሞተሩ በርዶ ጥፋቱ መሰወሩ ነው። ስለዚህ እዚያው በጠፋበት ሰዓት እሳት መኖሩን ፈትኑ። ጉድጓድ ሲመታ የሚጠፋ ከሆነ የላላ ሽቦ ፈልጉ። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ቁልፉን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተደናገጠ ጥፋቱ የቁልፍ ማብሪያው ነው።

ነዳጅ ከሆነ ከክዳኑ ጀምሩ። የሰልባትዮው ክዳን አየር ካላስገባ፣ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር ውስጡ ይታፈናል። መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ ይሞታል። ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ካለና ከተነሳላችሁ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ሲፈጥን የሚደክም ከሆነ የነዳጅ ፊልትሮው ተደፍኗል። አዲሱ ፊልትሮ በሳምንቱ ዝገት ከሞላ፣ ሰልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት።

ሲሄድ ደህና ነው፣ ሲቆም ይጠፋል

ካርቡሬተር ላይ የሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሠራበት) ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆናል። በሽቦ አትጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ከሰፋ አይስተካከልም። በማጽጃና በአየር ነፉት። ኢንጀክሽን ላይ የአየር መግቢያውንና የሚኒሞ ቫልቩን ከጥላሸት አጽዱ። ሁለቱም ላይ የተሰነጠቀ የቫኩም ቱቦ (በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል የሚሠራ ቀጭን ቱቦ) ሞተሩን ትርፍ አየር ያስበዋል። ቱቦዎቹን ተራ በተራ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲቆነጠጥ ሞተሩ ከተረጋጋ የሚቀየረው እሱ ነው።

መኪናው ናፍጣ ከሆነ

በናፍጣ ሞተር ላይ እሳት መፈለግ የለም። ጠዋት ሲዞር ነጭ ጭስ ካወጣና ካልተነሳ፣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም፤ ካንዴሌታዎቹን (ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ፈትኑ። ጭራሽ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ፊልትሮ ከተቀየረ ወይም ናፍጣ ካለቀ በኋላ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ አየር ማስወጫውን ላላ አድርጋችሁ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቁ፤ ከዚያ አጥብቁት። በየጠዋቱ ይህን የምትደግሙ ከሆነ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ያለውን ቱቦና ማሰሪያዎቹን ሁሉ በእጃችሁ ፈትሹ፤ ናፍጣ የማይንጠባጠብበት ቀዳዳም አየር ያስገባል።